አንድ ቤት፣ አንድ ሒሳብ

በዚህ ዐምድ ከወር እስከ ወር ስለ ቤት አያያዝ ስንነጋገር ቆይተናል። ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጾም ወራት ምግብ፣ ስለ ጉርብትናም እንደ ዐቅማችን ጽፈናል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሁሉ በልቡ ሲያወጣ ሲያወርደው የሚያድረውን፣ ነገር ግን በአንደበቱ ሊያነሣው የሚያፍርበትን ጉዳይ እናነሣለን፤ ይኸውም የቤት ገንዘብ አያያዝ ነው። ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የሚያገኙኝ ወላጆች፣ «ልጆቻችን የቤት ወጪ የሚመዘግብ መተግበሪያ በስልካችሁ ላይ ጫኑ ይሉናል፤ ይህ ነገር በእውነት ይጠቅማልን? የሚጠቅምስ ከሆነ የትኛው ይሻላል?» እያሉ ደጋግመው ጠይቀውኛል።

ጥያቄው የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዘይቱም፣ የመድኃኒቱም፣ የልጆች ልብሱም ዋጋ ተከትሎት እንደ ወጣ እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። ደመወዝ ግን እንደ ዋጋ አይሮጥም። ከዚህም የተነሣ ቀድሞ ሳይቈጠር ይበቃ የነበረው ገንዘብ ዛሬ ተቈጥሮም አልበቃ ብሏል።

ስለዚህ ነገር ስጽፍ መምህር ነኝ ብዬ ከሰገነት ላይ ልናገር አልችልም። በራሴ ቤት የደረሰውን ሸሽጌ ሌላውን ብመክር፣ ካለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለው ተረት በእኔ ላይ ይፈጸማልና። ስለዚህ አስቀድሜ የራሴን ልናገር።

በ2017 ዓ.ም. የትንሣኤ በዓል የዋለው ሚያዝያ 12 ቀን ነበር። የመጋቢት ደመወዝ ከገባ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል ነው። በልደታ የምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት የባንክ ክፍያ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የጤፉና የወፍጮው ዋጋ ደመወዙን ቀድመውት ሄደዋል። በዓሉ በተቃረበ ጊዜ ኪሴ ባዶ መሆኑን ለባለቤቴ መንገር አፈርሁና፣ በእጅ ስልክ ብድር ከሚሰጡት አገልግሎቶች ከአንዱ 5,000 ብር ተበድሬ የቅርጫ ድርሻዬን ከፈልሁ። እርስዋም በበኩልዋ ለእኔ መንገር ከብዷት፣ ከሌላው ዘንድ 3,500 ብር ተበድራ ዶሮውን፣ ቅቤውንና የልጆቹን ልብስ ገዛች። በዓሉ በደስታ ዋለ። ዶሮው በምን ተገዛ ብዬ አልጠየቅሁም፤ እርስዋም ቅርጫው በምን ተከፈለ አላለችም። እያንዳንዳችን የሌላው ደመወዝ ያልተነካ መስሎን ነበር።

የሚያዝያ ደመወዝ በገባ ጊዜ ግን ብድሩ ከነአገልግሎት ክፍያው ከሁለታችንም ሒሳብ ላይ ወዲያው ተቀነሰ። ግንቦት 1 ቀን የልደታ ለማርያምን በዓል አክብረን፣ ታቦቷን ሸኝተን ከተመለስን በኋላ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ባለቤቴ፣ «የእድሩ ጸሐፊ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አግኝተውኝ የሁለት ወር መዋጮ አልገባም አሉኝ፤ ገንዘቡን ምን አደረግኸው?» አለችኝ። እኔም መልስ በመስጠት ፈንታ፣ «የአንቺስ ደመወዝ የት ገባ?» ብዬ ጠየቅሁ። ነገሩ ወደ ጠብ ሊያመራ ሲል፣ ሁለታችንም ስልካችንን አውጥተን በጠረጴዛው ላይ አኖርንና መልእክቶቹን ተራ በተራ አነበብን። ከ8,500 ብር ጥቂት የሚበልጥ ብድር ቤት አያፈርስም። ያን ማታ አንገታችንን ያስደፋን፣ ዐሥራ አራት ዓመት ከአንድ ማዕድ የበላን ሰዎች ለፋሲካ ዶሮ ብለን መደባበቃችን ነበር።

የንስሐ አባታችን በመጡ ጊዜ ነገሩን ሳንሸሽግ ነገርናቸው። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ «ልጆቼ፤ ብር የጐደለበት ቤት አንድ ቀን ይሞላል፤ መተማመን የጐደለበትን ቤት ግን ብር አይሞላውም። ሁለታችሁም የምታዩት አንድ መዝገብ ይኑራችሁ» አሉን። መዝገቡ በወረቀት ይሁን በስልክ አላሉንም። ስለዚህ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ በየወሩ አንዳንድ ዘዴ ልንፈትን ከባለቤቴ ጋር ተስማማን። ያየነውን እነሆ።

በሰኔ የያዝነው ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበር። በግራው ገጽ ገቢ፣ በቀኙ ገጽ ወጪ ይጻፋል፤ ከየወጪው አጠገብ ቀኑና ምክንያቱ አለ። ደብተር ብዙ በጎነት አለው። መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፤ ኢንተርኔት አይሻም፤ የቤታችሁን ምሥጢር ወደማታውቁት አገር አይወስድም። ከሁሉም ይልቅ በጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ማንበብ የሚችል የቤቱ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ጕድለቱ ግን ገንዘቡ የሚወጣው በመንገድ ሲሆን ደብተሩ የሚኖረው በቤት መሆኑ ነው። ማታ ለመጻፍ ስንቀመጥ የታክሲው፣ የሻዩ፣ የስልክ ካርዱ፣ ከጉልት የተገዛው ሽንኩርትና ቲማቲም ከልቡናችን ወጥቷል። በወሩ መጨረሻ የሁለታችንን ገቢ 31,400 ብር ከተጻፈው ወጪና በእጃችን ከቀረው ጋር ብናስተያየው፣ 2,860 ብር የገባበት አልታወቀም። ከዐሥራ አንድ ብር አንዱ ጠፋ ማለት ነው።

በሐምሌ ወደ ስልኩ ተሻገርን። እዚህ ላይ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ፣ የመተግበሪያዎቹ ስም ብዙ ቢሆንም ጠባያቸው በሦስት እንደሚከፈል ልናገር።

የመጀመሪያዎቹ ገንዘብ ከወጣ በኋላ የሚመዘግቡ ናቸው። ሞኔፊና መኒ ማኔጀር የሚባሉት ከነዚህ ወገን ናቸው። ታክሲ ላይ እንደተቀመጣችሁ የከፈላችሁትን ትጽፋላችሁ፤ ምግብ፣ መጓጓዣ፣ ትምህርት እያሉ በየመደቡ ይደምሩላችኋል። የደብተር ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል፤ ከደብተር የሚሻሉት ከኪስ ስለማይለዩና ድምሩን ራሳቸው ስለሚሠሩ ነው።

ሁለተኛዎቹ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የሚመድቡ ናቸው። ጉድበጀት የሚባለው ገንዘባችሁን በልዩ ልዩ ፖስታዎች ከፍሎ እንዳስቀመጣችሁ አድርጎ ያሳያችኋል፤ የአስቤዛው ፖስታ ባዶ ሲሆን ከሌላው ፖስታ ካልወሰዳችሁ በቀር መግዣ የለም። አንዱን የፖስታ መደብ ባልና ሚስት በየስልካቸው ሊያዩት ይችላሉ፤ በነፃ የሚሰጠው ክፍል ግን የፖስታዎቹ ቍጥር የተወሰነ ነው። ዋይናብ የሚባለውም በዚሁ ሐሳብ የተመሠረተ ነው። ይህን የጀመረው ጄሲ ሜቻም የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፣ ገና ተማሪ ሳለ ከሚስቱ ጋር ለቤታቸው ያዘጋጀውን የሒሳብ ሠንጠረዥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ለሌሎች ማቅረብ ጀመረ። ሥርዐቱ በእጅህ ያለውን ገንዘብ ሁሉ እስከ መጨረሻው ድረስ ሥራ መድበህ አኑረው የሚል ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ዋጋው ግን በዓመት ከ100 ዶላር በላይ ነው። ወጪን ለመቀነስ ብሎ ይህን ያህል ማውጣት ለእኛ ቤቶች የሚሆን አይመስለኝም፤ ክፍያውም በዶላር የሚፈጸምበትን የባንክ ካርድ የሚሻ ነው።

ነገር ግን፣ አንባብያን ሆይ፣ ይህ የፖስታ ነገር ለእኛ እንግዳ ነውን? እናቶቻችን በመቀነታቸው ውስጥ ለየብቻ ይቋጥሩ አልነበረምን? አንዱ ቋጠሮ የበርበሬ፣ አንዱ የማኅበር፣ አንዱ የእድር ነበር። የማኅበሩን ቋጠሮ ለበርበሬ የፈታች እናት እንደ ትልቅ ነገር ትጨነቅ ነበር። ዛሬ በውጭ አገር እንደ አዲስ ጥበብ የሚሸጥልን የእናቶቻችን ቋጠሮ ነው።

ሦስተኛዎቹ ሰው ሳይጽፍ ከባንክ ሒሳብ ላይ በራሳቸው እየቀዱ የሚያደራጁ ናቸው። ከነዚህ በአሜሪካ ስሙ የገነነው ሚንት የሚባለው ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ተጀመረ፤ በ2009 ኢንቱይት የሚባለው ድርጅት ገዛው፤ በ2024 መጋቢት ወር ደግሞ ተዘጋ። ዓመታት ሙሉ የቤታቸውን ሒሳብ በእርሱ ላይ ሲያከማቹ የኖሩ ሰዎች፣ በአገሩ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሳይቀሩ፣ መዝገባቸውን ይዘው ሌላ ማደሪያ ለመፈለግ ተገደዱ። ከዚህ የምንማረው መዝገባችሁን በሰው ቤት ስታኖሩ ግልባጩን በእጃችሁ መያዝ እንደሚገባ ነው። እንዲህ ያሉት የውጭ መተግበሪያዎች ከአገራችን ባንኮች ጋር ስለማይያያዙ፣ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ከባንክና ከቴሌብር የሚመጣው የጽሑፍ መልእክት ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በሐምሌ እኔ በስልኬ የጫንሁት ከመጀመሪያዎቹ ወገን አንዱን ነው። ወጪው እንደወጣ በዚያው ቅጽበት ስለሚጻፍ የገባበት ያልታወቀው ገንዘብ ከ2,860 ወደ 640 ብር ወረደ። እኔም በጣም ደስ አለኝ። በወሩ መጨረሻ ሠንጠረዡን ለባለቤቴ ባሳያት ግን ዐይታ ዝም አለች። በኋላም፣ «ሒሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወሩን ሙሉ በአንተ ኪስ ውስጥ ነበረ። እኔ ጠዋት ጠዋት ስንት እንደቀረን ሳላውቅ ነው ገበያ የሄድሁት» አለችኝ። እውነቷን ነው። መዝገቡ ከደብተሩ ይልቅ የጠራ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ሚያዝያው ብድር የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ነበር። የንስሐ አባታችን ያሉት ሁለታችሁም የምታዩት ነበረና፣ እኔ ግማሹን ብቻ ፈጽሜ ተገኘሁ።

በዚሁ ወር ሌላም ነገር ተረዳሁ፤ ይኸውም የዘመን አቈጣጠር ነገር ነው። እነዚህ የውጭ መተግበሪያዎች የተሠሩት በአውሮፓውያን ወር ነው። የእኛ ወር የሚጀምረው በእነርሱ አቈጣጠር በአብዛኛው ከ7ኛው እስከ 11ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ በእኛ ወር መጨረሻ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሒሳቡ በሁለት ወር ላይ ተሰንጥቆ ያገኘዋል። መኒ ማኔጀርን የመሰሉት ወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚጀምር ለማዘዝ ይፈቅዳሉ፤ ይህም ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ቀኑ ከወር ወር ስለሚለያይና ጳጕሜን የሚያውቅ ስለሌለ ነገሩ ፈጽሞ አይቃናም።

ጳጕሜን ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። የነሐሴ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚቀጥለው ደመወዝ የሚገኘው በመስከረም መጨረሻ ነው። እንግዲህ አምስቱን የጳጕሜን ቀንና ሠላሳውን የመስከረም ቀን ብንደምር፣ አንዱ ደመወዝ 35 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያም 36 ቀን መድረስ አለበት። በዚያውም ጊዜ ውስጥ እንቍጣጣሽ አለ፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ፤ መስከረም 17 ቀን መስቀል አለ። በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ወር በዓመቱ ውስጥ ከባዱን ወጪ የሚሸከም መሆኑን አንድም የውጭ መተግበሪያ አይነግራችሁም።

ፋሲካም እንዲሁ ነው። በባሕረ ሐሳብ ሥርዐት ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፤ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። በ2016 ዓ.ም. የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር፤ በ2017 ሚያዝያ 12፤ የ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4። ለቤተሰብ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ሚያዝያ 4 ሲውል የመጋቢት ደመወዝ ገና ትኩስ ነው፤ አደጋው ሁሉንም በአንድ ሳምንት ጨርሶ ወሩን በባዶ መጨረስ ነው። ሚያዝያ 27 ሲውል ደግሞ ደመወዙ አልቆ አዲሱ ሳይመጣ በዓሉ ይደርሳል፤ አደጋው ብድር ነው። መተግበሪያው ያለፉትን ወራት አማካይ ይዞ ለመጋቢትም ለሚያዝያም እኩል ቢመድብላችሁ አትመኑት። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሥጋና ቅቤ በቤታችን የለም፤ በፋሲካ ሳምንት ግን የወሩ ሁሉ ወጪ ይሰበሰባል። ስለዚህ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ አባት ወይም የበዓላት ማውጫ ያለበት የግድግዳ መቍጠሪያ ለቤት በጀት ከስልኩ አማካይ ይልቅ ታማኝ መካሪ ነው።

አሁን ወደ ባንክና ወደ ቴሌብር መልእክት ልመለስ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ሥራ ያስጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ዘመናዊ ስልክ የሌለውም ሰው *127# ብሎ ይገለገልበታል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቢኢ ብር አለው፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተጨምሯል። እነዚህ የበጀት መሣሪያዎች አይደሉም፤ ነገር ግን መልካም ምስክሮች ናቸው። በእነርሱ በኩል የወጣ ገንዘብ ሁሉ ቀኑና መጠኑ ተጽፎ ይቀራል፤ ሰው ቢረሳ እነርሱ አይረሱም። ምስክርነታቸው ግን ጎዶሎ ነው። 1,200 ብር ለእገሌ ተላለፈ ይላሉ እንጂ የበርበሬ ዋጋ መሆኑን አያውቁም፤ በጉልት በጥሬ ገንዘብ የተከፈለውንም ፈጽሞ አያዩም። ስለዚህ መዝገብን ለማመሳከር ይጠቅማሉ፤ መዝገብን ግን አይተኩም።

የባንክ መልእክቶችን በራሳቸው እያነበቡ ሒሳብ የሚያደራጁ መተግበሪያዎችም አሉ። ድካም ይቀንሳሉ፤ ሆኖም ወደ ስልካችሁ የሚመጣውን መልእክት ሁሉ እንዲያነቡ ስትፈቅዱላቸው፣ የምሥጢር ቍጥር የያዘውንም መልእክት መፍቀዳችሁ መሆኑን አትርሱ። ሠሪው ማን እንደሆነ ያልታወቀውን፣ ይልቁንም በቴሌግራም ሰው ለሰው የሚቀባበለውን ፋይል በስልካችሁ ላይ አትጫኑ። የምሥጢር ቍጥራችሁንም ባንክ ነኝ ለሚል ደዋይ ቢሆን አትንገሩ።

ሌላው ልብ ልንለው የሚገባው፣ ገንዘብ የሚያስቀምጠውና ገንዘብ የሚያበድረው እጅ አሁን በአንድ ስልክ ላይ ጎን ለጎን መሆናቸው ነው። በቴሌብር ላይ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ከዳሸን ባንክ ጋር መላ የሚባለው አነስተኛ ብድር፣ እንደኪሴ የሚባለው የጎደለውን የሚሞላ ብድር፣ ሳንዱቅ የሚባለውም ቍጠባ በአንድነት ተጀምረዋል። ብድር ኃጢአት ነው አልልም፤ ሸቀጥ ለሚገዛና ለሚያተርፍ ነጋዴ፣ ሕመምተኛም በቤቱ ለተኛበት ሰው ትልቅ እርዳታ ነው። ቀድሞ ግን ዱቤ ለመጠየቅ ወደ ሱቁ መሄድ፣ የባለሱቁን ዐይን ማየት፣ ስምን በደብተሩ ማስጻፍ ነበረ። ያ እፍረት ልጓም ነበር። ዛሬ በሌሊት ማንም ሳያይ በሁለት ጣት ይበደሩታል። ልጓሙን የሚተካው በቤት ውስጥ የሚደረግ ስምምነት ብቻ ነው። በእኛ ቤት ከግንቦት ወዲህ ያለው ሕግ፣ ለሌላው ሳይነገር የሚወሰድ ብድር የለም የሚል ነው። መጠኑ 100 ብር ቢሆንም ይነገራል።

በነሐሴ እንግዲህ ሦስቱን አዋሐድናቸው። የሐምሌ ደመወዝ እንደገባ ገና አንድ ብር ሳናወጣ ከጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥንና በአንድ ወረቀት ላይ ሰባት መደብ ጻፍን፤ ዐሥራትና ምጽዋት፣ የቤት ክፍያ፣ አስቤዛ፣ መጓጓዣ፣ ትምህርት ቤት፣ እድርና ማኅበር፣ ለጳጕሜንና ለመስከረም የሚቀመጥ። ወረቀቱን በቍም ሣጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፍነው። በየቀኑ የሚንቀሳቀሱትን ሁለቱን ብቻ፣ ማለት አስቤዛንና መጓጓዣን፣ በሁለታችንም ስልክ ላይ በሚታይ የፖስታ መተግበሪያ ያዝናቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል የባንኩን መልእክት ከስልኩና ከወረቀቱ ጋር አመሳከርን። ትልቋ ልጃችን ድምሩን ትሠራለች፤ በዚህም የትምህርት ቤት ሒሳብ ለምን እንደሚጠቅም ያለ መምህር ተረዳች።

ፍሬው ምን ሆነ? የገባበት ያልታወቀው ገንዘብ 710 ብር ነበር። እኔ ብቻዬን በሐምሌ ከያዝሁት በ70 ብር ይብሳል። ነገር ግን ጠዋት ገበያ የሚሄደው ሰው ማንም ይሁን ማን የቀረውን ያውቅ ነበር። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ስለነበረ ከአስቤዛው የተረፈው ተለይቶ ታወቀ። አባቶች በጾም የተረፈው የድኻ ድርሻ ነው ብለው ያስተምራሉና፣ ከእርሱ ግማሹን ለነዳያን፣ ግማሹንም ለልጆቹ ደብተር አደረግነው። ለእድሩ የቀረብንን የሁለት ወር መዋጮ ከነመቀጫው ከፍለን ጸሐፊውን ይቅርታ ጠየቅን።

ሁሉም ቀና ብዬ ግን አልዋሽም። 35ቱ ቀን ሲደርስ የትምህርት ቤቱን ምዝገባ ከከፈልን በኋላ 1,500 ብር ያህል እንደሚያጥረን ወረቀቱ ገና በጳጕሜን 1 ነገረን። ቀድሞ ቢሆን ይህን የምናውቀው በእንቍጣጣሽ ዋዜማ፣ የምናመልጠውም በብድር ነበር። አሁን ግን ተነጋገርንበት፤ ቅርጫውን ተውነው፤ እንቍጣጣሽን በአንድ ዶሮና በድፎ ዳቦ አከበርነው። ልጆቹም ምክንያቱን ስለሰሙ አላጕረመረሙም፤ ትንሹማ ዶሮው ጣፍጧል ብሎ መረቀን። ያለ ዕዳ የነጋ ዐዲስ ዓመት ነበር።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ብቻውን የሚኖርና ገንዘቡ በመንገድ የሚያልቅበት ወጣት ሠራተኛ ወጪ የሚመዘግበውን ቀላሉን መተግበሪያ ይያዝ። ባልና ሚስት ሁለቱም ዘመናዊ ስልክ ካላቸው የፖስታውን ዓይነት ይጋሩ፤ መደቡ ግን ከሁለት ወይም ከሦስት አይብዛ፤ የበዛ እንደሆነ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል። ስልክ የማይወዱ ወላጆች ደብተራቸውን አይናቁ፤ ከማይከፈት መተግበሪያ የሚከፈት ደብተር ይበልጣል። ገቢው ቀን ከቀን የሚለያይ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ ደግሞ ዕቍብን አይተው፤ ዕቍብ እንደ መተግበሪያ አይለማመጥም፤ ሰብሳቢው በቀጠሮው ቀን በደጅ ይቆማል። ለሁሉም ግን ከመሣሪያው የሚቀድመው በሳምንት አንድ ጊዜ አብሮ መቀመጥ ነው።

ስለ ምጽዋት አንድ ነገር ልጨምር። መተግበሪያው ለማን ሰጠህ፣ መቼ ሰጠህ እያለ ይጠይቃል። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ ጌታችን ስላስተማረ፣ እኛ የምጽዋቱን መጠን በወሩ መጀመሪያ ለይተን ካወጣን በኋላ ዳግመኛ አንመዘግበውም። የቀረው ወጪ ይቈጠር፤ ይህ ግን ሳይቈጠር ይለቅ።

ጌታችን ግንብ መሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ሊያሰላ እንደሚገባ ያስተማረው ስለ ደቀ መዝሙርነት ነው። ምሳሌውን ግን ከቤት ሒሳብ መውሰዱን ልብ እንበል፤ ለማሰላት አስቀድሞ መቀመጥ ያስፈልጋልና። ሐዋርያትም የገንዘብ ከረጢት ነበራቸው፤ ነውር የሆነው ከረጢቱ ሳይሆን በስውር ወደ ከረጢቱ የገባው የይሁዳ እጅ ነበር። እኔና ባለቤቴ በትንሽ ነገር ወደዚያ መንገድ ጥቂት ርምጃ ተራምደን ተመልሰናል። በዚህ ወር ደመወዝ ሲገባ እናንተም ስልካችሁን በጠረጴዛው ላይ አኑሩና አብራችሁ አንብቡት። የመጀመሪያው ማታ ይከብዳል፤ ሁለተኛው ይቀላል።

በሚመጣው ወር ስለ ልጆች የኪስ ገንዘብ እንነጋገራለን። እስከዚያው ቸር ያቈየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።